በብስክሌት የመጣው አውራ ዶሮ

ለውድ ዋርሳዬ ለፋክሶን፤

ከዚህ ከሐይቃችን ዳር ተነስቶ ስንቱን ወንዝና ስንቱን ድንበር ተሻግሮ ሰላምታዬ ጆሃንስበርግ ይድረስህ። እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ደረትህስ እንዴት ነው? ያ የማዕድን ጉድጓድ አቧራ ያተረፈልህ ሳል ቀለል አለ ወይስ አሁንም እያስቀመጠህ ያነጋል? ሚስትህ ዲኬሌዲ እንዴት ናት? ልጅህ ካጊሶስ አደገ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ስነሳ ይንቋቋል እንጂ አልከዳኝም። ዓይኔም ግንድና አዞ ይለያል፤ ይበቃኛል። ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቅ። መምህሩ "ጋሼ፣ እኔ ልጻፍልዎት" ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ይህ በሰው እጅ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

እህትህን ሊኔሲን ከቀበርን ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። አንተ "ሚስትህ ሞታለች፤ እንደ ወጋችን ፈትተንሃል፣ ወደ እናትህ መንደር ግባ" አልከኝ። እኔ "እሷ ከተኛችበት ንቅንቅ አልልም" አልኩህ። አንተ ወደ ሥራህ፣ እኔ ወደ ቤቴ ዞርን፤ በእናንተ አፍ ደግሞ ወደ ቤታችሁ። ዛሬ ቀድሜ የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህችን ልብ በልልኝ።

ነገሩ የልጄ የቲያሚኬ ነገር ነው። ኬፕታውን ያገኘችውን ሞንዴ የሚባል የኮሳ ጎሳ ሰው ላግባው ብላ በስልክ ስትነግረኝ ምን እንደመለስኩላት መቼም ሰምተሃል። "በሽቦ የሚመጣ ድምፅ አማች አይሆንም፤ ሰው ከሆነ በእግሩ ይምጣ" ብዬ ዘጋሁባት። በዚያው ይቀራል ብዬ ነበር። ለካ ልጁ ብስክሌት በያጅ ኖሯል። "አባትሽ በእግሩ ካሉ በእግር ነው፤ ፔዳልስ የሚረገጠው በምን ነው?" አላት አሉ። ከወዳደቀ ብረት ሁለት ብስክሌት ገጣጥሞ፣ በፋሲካ ማግስት ተነስተው፣ አራት ወር ሲረግጡ ሰንብተው እዚህ ደረሱ። በበረሃው በኩል ዞረው ስለመጡ ያንተን ከተማ አላዩትም።

ከሰዓት በኋላ መረቤን ስጠግን አጠገቤ ተቀምጠው መንገዱን ሲያወሩልኝ፣ ፋክሶን፣ የነቃሁ አይመስለኝም። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላዋ ትጨርሳለች። መጀመሪያ ላይ በግና ድንጋይ ብቻ ያለበት አገር አለ አሉ፤ ጠዋት ከፊታቸው ያዩት ዛፍ ጋ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚደርሱት። ሦስት ቀን ነፋስ ፊት ለፊት ቆሞባቸው ቁልቁለቱን እንኳ እየረገጡ ወረዱት። በቦትስዋና በኩል ደግሞ አንድ ማለዳ ቲያሚኬ ቀና ስትል ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ሲያበራ አየች። "ሐይቃችን! ደረስን!" ብላ ብስክሌቷን ጥላ ሮጠች። እሱ ተከተላት። ስትሮጥ ስትሮጥ ውሃው ይሸሻል፤ ለካ የጨው ሜዳ ነው። በመሃሉ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ቀጥላ ሳቀች። ከዚያ ጨው በጨርቅ ቋጥራ አምጥታልኝ በምላሴ ቀመስኩት። ቀኑን ሙሉ አፌ ውስጥ የማላውቀው አገር ነበረ።

ዝሆኖች መንገድ ሲያቋርጡ ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመው ያሳልፏቸዋል። ቤት ተነስቶ እንደሚሄድ ነው፣ ድምፅ የለውም ትላለች። የመጨረሻዋ ዝሆን ኩምቢዋን ዘርግታ የሞንዴን ጎማ አሸተተችና እንደማይበላ ሲገባት ሄደች። ወዲያው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አንገቱን አውጥቶ "እናንተ! እዚህ አገር አንበሳ ምሳው በጎማ ሲመጣለት አይቶ አያውቅም፤ አታስለምዱብን!" ብሎባቸው አለፈ። ዛምቤዚን በጀልባ ተሻግረው ዛምቢያ ሲገቡ፣ ከሰል በብስክሌት ከሚያመላልሱት ጋር ተቀላቀሉ። ሰዎቹ ከጆንያው ብዛት ከኋላ አይታዩም፤ ጆንያ ብቻውን እየዘፈነ ዳገት የሚወጣ ይመስላል። አንደኛው "እመቤት፣ ይሄ ረጅሙ ባልሽ ነው ወንድምሽ?" ቢላት "ገና አልተፈረደም፤ አገሬ ስገባ ይነግሩኛል" አለችው። "ታዲያ እስከዚያ ለምን እኔን አትሞክሪኝም? የእኔ ብስክሌት ደወል አለው" አላት። ሞንዴ ይህን ሲያወራ እስካሁን ይስቃል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሳሊማ ገበያ ሲደርሱ፣ እኛ ዘንድ ጋብቻ የሚጠየቀው በአውራ ዶሮ መሆኑን ነግራው ስለነበር፣ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝቶ በሸምበቆ ቅርጫት ከመሪው ላይ አሰረው። ቲያሚኬ በመቃብሩ በኩል እናቷን ልትሳለም ቀረች። እሱ ቀድሞ ደጄ ደረሰ። ቀትር ነው፤ ሐይቁ ፀጥ ብሏል። አቧራ የለበሰ ረጅም ሰው ብስክሌቱን ከግድግዳው አስደገፈ፣ ተንበረከከ፣ ዶሮውን በሁለት እጁ ዘረጋልኝና በእኛው ቋንቋ፣ የልጄን የኋላ ጎማ እየተከተለ በተማረው ቋንቋ፣ "አባቴ፣ ልጅዎን ልለምን በእግሬ መጥቻለሁ" አለኝ።

እነሱ አገር የሚጠየቀው አባት ነው። እኛ ዘንድ የሚጠየቀው የእናት ወንድም፣ ንኮስዌ የምንለው ጠባቂዋ፣ አንተ መሆንህን አላወቀም። እኔ ግን አውቃለሁ። አርባ አንድ ዓመት በዚህ መንደር ስኖር ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ልጄ ትምህርት ቤት ትግባ ስል "አጎቷ ይምጣ"፤ ኬፕታውን ትሂድ ሲባል "አጎቷ ፈቅዷል"። እህቶችህ እኛን ወደ ሚስት መንደር የገባነውን ወንዶች "የተዋስናቸው አውራ ዶሮዎች" ይሉናል፤ እንጮሃለን እንጂ ግቢው የእኛ አይደለም። ያ ሰው ስንት አገር አቋርጦ መጥቶ እኔን፣ ጃይሎሲን፣ ጠየቀኝ። እጄ ራሱ ተነሳ። ተቀበልኩት፣ ፋክሶን። በሁለት እጄ። "እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ" ጭምር ብዬ።

ቲያሚኬ ጉልበቷ ላይ የመቃብሩ አፈር እንዳለ መጥታ ዶሮው ጭኔ ላይ ሲያንቀላፋ ስታይ "አባዬ! ምነው! አጎቴስ?" ብላ አፏን ያዘች። ታላቅ እህትህ አኔፊሪ መንደሩን ሁሉ አስከትላ ደረሰች። "አንተ የውሰት አውራ ዶሮ! በሁለት እጅህ ተቀበልክ?" አለችኝ። "በእግሬ ልቀበል ኖሯል?" አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ያንተ ቃል እስኪመጣ ጋብቻው አለ ወይም የለም አይባልም፤ እንዲህ እንዳለ ልጅ ቢወለድ ጠባቂ አጎት የሌለው፣ ተቆርጦ የወደቀ ቅርንጫፍ ነው ብላ ፈረደች። ቲያሚኬ እሷ ዘንድ፣ ሞንዴ እኔ በረንዳ ላይ እንዲያድሩ ሆነ። አራት ወር በአንድ ብርድ ልብስ ስንቱን በረሃ ያለፉ ሰዎች አሁን አንድ ግቢ ለያያቸው።

ሞንዴ ነገሩ ሲገባው አልተቆጣም። "አባቴ፣ ስህተቱ የእኔ ነው። እንግዲያው ጆሃንስበርግ ሄጄ አጎቷን እለምናለሁ" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ሰንሰለቱን ዘይት እየቀባ ነው፤ ቲያሚኬም ከግቢው ወዲያ ልብሷን ትጠቀልላለች። በዚያች ጉልበቷ፣ በዚያ ከስቶ ባለቀው እግሩ! "ደብዳቤዬ ይቅደማችሁ" ብዬ አስቆምኳቸው። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር መንገድ ጎን ለጎን ይነዳሉ፤ መንገድ ላይ አጎት የለበትም ብላኛለች ቲያሚኬ። ጭጋጉ ውስጥ ይገባሉ፤ ሳቃቸው ብቻ ይቀራል። በረንዳው ላይ ቆሜ ሳቁ የማን እንደሆነ ይጠፋኛል። አንዳንዴ የሊኔሲ ይመስለኛል።

እንግዲህ ዋርሳዬ፣ ለምኜህ የማላውቀውን ልለምንህ ነው። ዶሮውን የተቀበለው እጅ ያንተ እጅ ነበር በል። እኔ በቦታህ የቆምኩ መልእክተኛ ነበርኩ በል፤ እኔም በሽማግሌ ፊት ይህንኑ እላለሁ፣ አላፍርም። በአኔፊሪ ስልክ ደውልና "ተቀብያለሁ" በላት። በሽቦ የመጣ ድምፅ አልቀበልም ያልኩት እኔው ነኝ፤ ያንተን እቀበላለሁ።

ያን የዛሬ ሦስት ዓመት ቃልህንም እሺ ብያለሁ። እነሱን በአፍህ ስታስር እኔን በዚያው አፍህ ፍታኝ። ቤቱ የልጅቱ ነው፤ ጣራው ዘንድሮ የታደሰ ነው፤ አዲስ የገባ ወንድ ይኑርበት። እኔ ዴዛ ተራራ ላይ እናቴ መንደር እገባለሁ። ዕቃዬ ከአንድ ብስክሌት ጭነት አይበልጥም። ለቲያሚኬ አልነገርኳትም፣ አንተም እንዳትነግራት። ለሊኔሲ ብቻ ትናንት ሄጄ ነገርኳት። ምንም አላለችኝም። እህትህ ስትስማማ ዝም እንደምትል ደግሞ አንተም ታውቃለህ።

ለዲኬሌዲ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ካጊሶን አገጩን ያዝልኝ። አኔፊሪ ሰላም ብላሃለች፤ ስለ እኔ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ቲያሚኬ እግርህን ትስማለች። ሞንዴም ከበረንዳው ሆኖ ተነስቶ ሰላም ብሎሃል።

ዋርሳህ ጃይሎሲ ካምዌንዶ
ምትሲሪዛ መንደር፣ ሳሊማ
ኦገስት 19 ቀን 2018