የሞተ አንበሳ ማን ይገዛል?

ሻዕባን 3
ዛሬ ከጥቁር ድንጋይ አራት አንበሳ ቀረጽኩ። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ሕፃን አንገት ላይ ታስረው ከሰው ዓይን የሚጠብቁ። ሚስቴ ማህባኑ አንዱን አገላብጣ አየችና "ይሄ አህያ ነው" አለችኝ። ይሁን... ቀድሞ የተሸጠው እሱ ነው።

ሻዕባን 6
የገበያው ተቆጣጣሪ አቡ ሰህል መጣ። ነፍስ ያለው ነገር መቅረጽ ክልክል ነው አለ። በፍርድ ቀን "ነፍስ ዝራበት" ስትባል ምን ልትመልስ ነው? ሚስቴ እንኳ አንበሳ መሆኑን አላመነችም አልኩት። አልሳቀም። እስከ ጁምዓ አንገታቸውን ካልቆረጥክ ሱቁን አሽገዋለሁ ብሎኝ ሄደ። አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ሱቅ! ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ? ፈራሁ።

ሻዕባን 8
ማህባኑ መላ አመጣች። አንገቱን በስቶ ክር ማስገባት። አንገቱ የተበሳ በሕይወት ይኖራል እንዴ? ሁሉንም በሳኋቸው። አቡ ሰህል መጣና አንዱን አንስቶ በቀዳዳው አጮለቀ። ብዙ አሰበ። "ይሄስ ሞቷል" አለ። ከዚያ በገበያው ሁሉ አስለፈፈልኝ፦ የዚህ ሰው አንበሶች በሙሉ ሞተዋል። አልሐምዱሊላህ።

ሻዕባን 14
ከልፈፋው ወዲህ አንድም አልተሸጠም። የከተማችን የኒሻፑር እናቶች አይተው እየሳቁ ያልፋሉ። አንዷማ "ልጄ አንገት ላይ ሬሳ ልሰር?" አለችኝ። ምን ይባላል... ሱቁን አቡ ሰህል ሳያሽገው ራሴ ልዘጋው ነው።

ሻዕባን 17
አቡ ሰህል ብቻውን መጣ። ሴት ልጁ ወልዳለች፤ ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ ሁለት ቀኑ። አንገቱ የተበሳውን ሰጠሁት። አገላበጠው፣ አገላበጠው...
"ያልሞተ የለህም?"
"ክልክል ነው እኮ" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በራሴ አፈርኩ። ቁጭ ብዬ ማለፊያ አንበሳ ቀረጽኩለት። ሰው ቢያይብኝስ ብሎ ደግሞ ተጨነቀ። በመጨረሻ ጣቱን የአንበሳው ሆድ ላይ አሳረፈ።
"እዚህ ጋ ብሳው። ሆዱን የተወጋ መሞቱ አይቀርም። ግን ወዲያው አይሞትም።"

ሻዕባን 26
ሕፃኑ መጥባት ጀምሯል። አዲሱ ውሳኔም ተለፍፏል፦ ሆዱ የተበሳ ይፈቀዳል፣ እየሞተ ስለሆነ። ሱቄ በር ላይ መቆሚያ የለም። እናቶቹ አሁን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይሞት ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ልጁ ጥርስ እስኪያወጣ እላለሁ። ከዚያ ሌላ ይገዛሉ።
ዛሬ አቡ ሰህልም መጣ። ሰው እስኪሄድ ጠብቆ ጠጋ አለና በሹክሹክታ ጠየቀኝ፣ የእኛውስ እስከ መቼ ነው?
ትንሽ አሰብኩ።
"ለእርስዎ፣ ሰባት ዓመት።"
መርቆኝ ሄደ።