የእማማ ቶሎ በር

ጥቅምት 4
ነርስ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ። ወገቤ አለቀ። ከድንጋይ ካባው በላይ ላለው ሰፈር የጤና ፕሮግራሙን እያቀድኩ ነው... አንድ ጤና ኬላ፣ አንድ የጤና ተጠሪ። ተጠሪውን እኛ አንሾምም፤ የሰፈሩ ሰው ራሱ ከመሃሉ ይመርጣል። ይቺን መስመር ያስገባኋት እኔው ነኝ። ኮርቻለሁ፣ ምን ይደረግ! አለቃዬ አነበበና፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመረጡ ግን ኬላው ለወንዝ ማዶዎቹ ይሄዳል" አለ። ሰው መምረጥ ደግሞ ምን ይከብዳል?

ጥቅምት 7
ከሰፈሩ ሰው ጋር ስብሰባ። "ቤታችሁ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የማንን በር ነው የምታንኳኩት?" አልኳቸው። የትም ስሄድ የምጠይቃት ጥያቄ ናት፤ ተጠሪ የሚሆነው ሰው በሷ ነው የሚገኘው። ሁሉም በአንድ አፍ፣ "የእማማ ቶሎን!" "ቶሎ በሉ፣ ቶሎ!" እያለች ስለምታዋክባቸው ያወጡላት ስም ነው አሉ። ደስ አለኝ። ሰው እንዲህ ሲስማማ አይቼ አላውቅም። እስቲ ትነሳና እንያት አልኩ። አንድ ሽማግሌ አቀርቅረው፣ "ሞታለች እኮ፣ ልጄ" አሉ።
"መቼ?"
"አምና።"
"ታዲያ አሁን የማንን በር ታንኳኳላችሁ?"
"የሷኑ።"
የሳቀ ሰው የለም። ክው አልኩ። ማን ሊከፍትላቸው?

ጥቅምት 8
ቤቱን ሄጄ አየሁት። ልጇ ብቻዋን ትኖርበታለች። ልብስ ሰፊ ናት። በሩ እጅ የሚያርፍበት ላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል።
"መጀመሪያ ሰሞን እየወጣሁ እናቴ ሞታለች እላቸው ነበር" አለችኝ። "እናውቃለን ይሉኛል። ግን አይሄዱም። ሕመሙን ለበሩ ይነግሩታል፣ ትንሽ ይቆማሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ። አሁን መክፈቱንም ትቼዋለሁ።"
"ሆስፒታልስ?"
"ሩቅ ነው። ደግሞ እሷ ሂዱ ስትላቸው ነበር የሚሄዱት።"
ስወጣ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ምን ነካኝ?

ጥቅምት 12
አለቃዬ ሳቀብኝ። "የሞተች ሴት አስመርጠሽ መጣሽ? ሂጂና በሕይወት ያለ ሰው አምጪ!"
ሁለተኛ ስብሰባ። ሁለት ሴቶች ተጠቆሙ። "በእማማ ቶሎ ቦታ? እኛ ማን ነንና!" ብለው በጄ አላሉም። በመጨረሻ አንዷ፣ "ልጇስ?" አለች። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ቆማ ነበር። ጥላን ወጣች።

ጥቅምት 13
ቢሮ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሻይ የምታመጣዋ ሴት ናት እኮ!

ጥቅምት 15
ልጻፈውና ይውጣልኝ...
ልለምናት ቤቷ ሄድኩ። "እናቴን ምን እንደገደላት ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "በሩን መክፈቷ። ካስታመመቻቸው ሰዎች የተጋባባት በሽታ ነው የወሰዳት። አሁን ደግሞ እኔን ልትሰጫቸው ነው?" ሥልጠና አለ፣ ጓንት አለ፣ አልኳት። ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅስ ይቅር።
ያኔ በሩ ተንኳኳ። የሴት ድምፅ።
"እማማ ቶሎ... ልጄን ከጠዋት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ጡትም እምቢ አለ። ምን ላድርግ?"
ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ተያየን። እኔ ነርስ ነኝ! ዘልዬ መነሳት ነበረብኝ። ግን ስንት ዓመት ስሰብከው የኖርኩት ነገር ያዘኝ... "አትሥሩላቸው፣ ራሳቸው ይሥሩት።" እሷ ትክፈት ብዬ ጠበቅኳት። እሷ ደግሞ እኔን ጠበቀች። እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።
የሴትዮዋ ኮቴ ራቀ። "ሄደች!" ብላ ቀድማኝ የተነሳችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ስንወጣ መንገዱ ባዶ። እየሮጥን ቤት ለቤት አንኳኳን። ልጅ የታመመበት ቤት የቱ ነው? የቱ ነው? ካባው አፋፍ ላይ ባለ ቤት አገኘናት። ልጁን አቅፋ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ፈልቶ የበረደ ውሃ፣ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። ልኩን አልሳተችም። ልጁ ዓይኑን ገልጧል።
"ማን ነገረሽ?" አልኳት።
ገርሟት አየችን። "እሷው ናታ! እኔ ከደጅ ስጠይቃት ከውስጥ መለሰችልኝ። ቶሎ በይ አለችኝ።"
ልብስ ሰፊዋ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እስካሁን ያመኛል።

ጥቅምት 16
እማማ ቶሎ ድሮ ነግራት ይሆናል። ጭንቅ ሲይዛት ትዝ አላት... እሱ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ግን ባትሰማስ ኖሮ? ሁለት ጤነኛ ሴቶች አፋችንን ዘግተን ተቀምጠን ያ ልጅ ይሞት ነበር። አፈርኩ። ፈራሁም። የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

ጥቅምት 19
ልብስ ሰፊዋ ቢሮ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።
"እኔ ካልመለስኩላቸው እሷ መመለሷን አትተውም" አለችኝ። "በሕይወቷ አላረፈችም። ሞታም አትረፍ? እፈራለሁ፣ አይዞሽ እንዳትዪኝ። ጓንቱን አምጪና አጠላለቁን፣ አወላለቁን፣ እጅ መታጠቡን በደንብ አሳዪኝ።"
አሳየኋት። ሦስቴ አስደገመችኝ።

ጥቅምት 24
ሦስተኛ ስብሰባ። የልብስ ሰፊዋ ስም ሲጠራ እጅ ሁሉ ወጣ። አንድም የቀረ የለም። መደሰት ሲገባኝ እጆቹን ደግሜ ቆጠርኩ። ያ ሁሉ እጅ የወጣው ለማን ነው? ለሷ ነው ለእናቷ?

ጥቅምት 28
ኬላው ጸደቀ። ልነግራት ብሄድ ቤቱ በር የለውም! ነቅላ ግድግዳው ላይ አስደግፋዋለች። የስፌት መኪናዋን ስባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።
"አብደሻል እንዴ? ብርዱስ? ሌባውስ?"
"መጋረጃ እሰፋለታለሁ" አለች፣ ቀና ሳትል።
ቆሜ ሳወራት አንዲት ባልቴት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ። የሚንኳኳ ነገር የለም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። በልብስ ሰፊዋ ትከሻ አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ... ረጅም ጊዜ አዩ። እኔም አብሬ አየሁ። አልጋ፣ የተንጠለጠለ ልብስ፣ ጨለም ያለ ጥግ።
ከዚያ ዓይናቸውን ወደሷ መለሱ።
"አንቺዬ፣ ልጁን አተኩሶታል። እስቲ እዪልኝ።"
ከውስጥ ማንም አልመለሰም። ልብስ ሰፊዋ እጇን ልትታጠብ ተነሳች።