ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ላለችው እህቴ

ረቡዕ፣ መጋቢት ስምንት ቀን፣ ከቀትር በኋላ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዷል፤ እስካሁን ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። በክፍሌ ውስጥ የተገኙት የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይና መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጎረቤቴ ናቸው። ታላቅ እህቴ የእናታችንን ቤት ለሁለት ከከፈለው ኮምፔርሳቶ ወዲያ፣ በራሷ ክፍል ናት፤ ሬዲዮዋ ይሰማል።

እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ ነገ ሐኪም ሆዴን ከፍቶ መልሶ ሊሰፋኝ ቀጠሮ ያለኝ፣ ክር በመርፌ ለማስገባት መነጽር ቢያስፈልገኝም አእምሮዬ መነጽር የማይሻ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን በእጄ እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትንም ጮክ ብዬ ለምስክሮቼ አነባለሁ። ፀጉር አስተካካዩ «ኑዛዜ ሲጻፍ በቤቱ የተነገረ ሁሉ ካልገባ ይፈርሳል» ስላሉ፣ የተባለውን ሁሉ አስገባለሁ። ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ደግሞ ይሄን ከየት አመጡት?» ብላለች። ይህም ገብቷል።

በመጀመሪያ፣ እዚህ ክፍሌ ያለው የስፌት መኪናዬ፣ ሱቅ ውስጥ አብራኝ ለምትሰፋው ጓደኛዬ ይሁን። ፔዳሉ ሲረገጥ መጮኹ የቆየ አመሉ ነው፤ ዘይትም ስድብም አላስተወውም።

የገንዘብ ዕዳ የለብኝም፤ ያላለቀ ሥራ ግን አለብኝ። የፀጉር አስተካካዩን ሱሪ ያሳጠርኩት አንዱን እግር ብቻ ነው። ካልተመለስኩ ጓደኛዬ ትጨርስላቸው።

«እስከዚያ በአንድ እግሬ ልቁማ!» ብለዋል።

ቀጥሎ ስለ ቃላቴ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። የእጅጌና የኮሌታ ልክ የምቆርጠው ከአሮጌ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ስለሆነ፣ ፊደሉን ከዚያው ለቀምኩ፤ ትርጉሙን ጎረቤቴን እየጠየቅሁ አወቅሁ። «ሃርትለስ»፣ ማለትም ርኅራኄ የለሽ፣ የሚለውን ያገኘሁት አንድ እጅጌ ላይ ነው፤ ለማን እንደተባለ ግን መቀሴ ብብቱ ላይ ቆርጦ አስቀርቶታል። እኔ ለእህቴ አደረግሁት። እናታችን በታመመች ጊዜ ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምናው የታላቅ ልጅ ፊርማ ጠየቀ፤ እህቴ «አልፈርምም» አለች። እናታችን አልጋዋ ላይ እንዳለች አረፈች። ኮምፔርሳቶውን ያቆምነው ከዚያ በኋላ ነው። በአማርኛ ብሰድባት ሰፈር ይሰማል፤ በእንግሊዝኛ ግን እየሰፋሁ «ክሩዌል» ብል ማንም ምንም አይል።

ጎረቤቴ «ወይኔ! እኔማ ደንበኞችሽን የምትሰድቢበት መስሎኝ ነበር» ብላለች።

ቃላቱን አንድ በአንድ ለካሁባት። «ሃርሽ» እንደ ሻካራ ጨርቅ ቆዳ የሚልጥ ሰው ነው። «ሩትለስ» ቢለምኑት የማይመለስ። «ክሩዌል» በሌላው ሕመም የሚደሰት፤ ይሄ ገና ከትከሻዋ ላይ ወደቀ፣ በእናታችን ቀብር ከእኔ ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ናትና። ብዙ ዘመን ያለበስኳት «ኢንዲፈረንት» የሚለውን ነው፤ ብትኖሪም ብትሞቺም ግድ የሌለው ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ሕመም ከያዘኝ ወዲህ፣ እኔ ሳቃስት ከወዲያ የሬዲዮው ድምፅ ይቀንሳል። ዝም ስል መልሶ ይጨምራል። ግድ የሌለው ሰው ሬዲዮ አይቀንስም። እንግዲህ አንዱም በልኳ አልሆነም። የጋዜጣ ልኮቼን ጓደኛዬ ትውሰድ፤ ቃላቱን ግን በማንም ላይ እንዳትለካ አደራ።

የእናታችን ቤት ግማሽ፣ ማለትም ይህ ክፍሌ፣ ለታላቅ እህቴ ይሁን።

ይህን ሳነብ ሬዲዮው ጠፋ።

«ምን አልሽ ሚጡ?»

«ክፍሌን ለአንቺ ነው ያልኩት፣ እቴቴ።»

ፀጉር አስተካካዩ «በይ እንግዲህ ነይና አንቺም መስክሪ!» ብለው ተጣሩ።

ጎረቤቴ «ወራሽማ አይመሰክርም፣ ጋሼ» አለች።

«ክፍሉን ማን ጠየቀሽ?» አለች እህቴ። «ያን ጊዜ አልፈርምም ያልኩት ጨክኜ መሰለሽ? ፈርቼ ነው። ፈርሜ ብትሞትስ? በእጄ የገደልኳት መስሎ ታየኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«መች ጠየቅሽኝ? በእንግሊዝኛ ስታጉረመርሚ አይደል የኖርሽው!»

ለፈራ ሰው የሚሆን ቃል ከእጅጌዎቼ ላይ አልለቀምኩም፤ አማርኛው ይበቃል።

የመጨረሻው ቃሌ ንብረት አይደለም። ነገ ሆስፒታሉ የቅርብ ዘመድ ፊርማ ይፈልጋል። ከእህቴ ሌላ የለኝም። እቴቴ እንድትፈርምልኝ እለምናለሁ። ብድንም ባልድንም፣ ማንም ሰው፣ እሷ ራሷም ጭምር፣ በዚያች ፊርማ እንዳይወቅሳት በምስክሮቼ ፊት ተናዝዣለሁ።

ከወዲያ ሬዲዮው መልሶ ተከፈተ። ጋሼ ሬዲዮውም ይግባ ስላሉ ገብቷል።

ተናዛዥ፦ ልብስ ሰፊዋ፣ ፈርሜአለሁ።
ምስክር፦ ፀጉር አስተካካዩ፣ «በሁለት እግሬ ቆሜ» ብለው ፈርመዋል።
ምስክር፦ የመድኃኒት ቤቷ ጎረቤቴ፣ አንብባ ፈርማለች።

ሐሙስ፣ ሆስፒታል ውስጥ ተራዬን እየጠበቅሁ የጨመርኩት። ጠዋት ስነሣ ዝናቡ ይወርዳል። ፊቴን ታጠብኩ። አልጋዬን አነጠፍኩ፤ የስፌት መኪናዬን አለበስኩ። ኮምፔርሳቶውን ላንኳኳ እጄን ሳነሣ እህቴ ጫማዋን አጥልቃ፣ ጃንጥላ ይዛ በክፍሌ በር ገባች። «ምን ትጎለቻለሽ? ይረፍድብናል እኮ!» አለችኝ። እዚህ ስንደርስ ነርሷ ወረቀቱን ሰጠቻት። ብዕሩን ስታሳርፍበት ወረቀቱ ሸሸባት። ከመርፌ ሥር የሚንሸራተት ጨርቅ እንደምይዘው አድርጌ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በሁለት እጄ ያዝኩላት። ፈረመች።