እማዬ ያቆመችበት ገጽ

እማዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሬ እጄ ላይ ቆመ። ከተለየሽኝ አምስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እስከዛሬ ካንቺ ጋር ለመነጋገር ደብዳቤ አላስፈለገኝም ነበር፤ ወጥ ስሠራም አውቶቡስ ስጠብቅም በሆዴ አወራሻለሁ። ይሄኛውን ግን ሆዴ ሊይዝልኝ አልቻለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ክው እንዳልኩ ነኝ። ሰው እናቱን ከቀበረ በኋላ እንደ አዲስ ይተዋወቃታል ቢሉኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ፤ እሱን ሳትሰሚ ሌላ ወሬ እንደማይጥምሽ አውቃለሁ። የቀበሌ ሱቅ ካርዳችን ላይ የቤተሰብ ብዛት ሁለት ይል የነበረው ተሰርዞ አንድ ሆኗል። ጸሐፊው በእጁ ጫር አድርጎ አይተወውም፣ ማስመሪያ አምጥቶ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረበት፤ ከሁሉ ያስለቀሰኝ ያ መስመር ነው። አውሮፕላኑ ዛሬም ጣሪያችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ያልፋል፤ «ዛሬ ደግሞ ማንን ይዞ ይሆን?» የሚል ሰው ግን የለም። ዶሮዎችሽን አጥር ተሻግሬ ለእትዬ ብርቄ ሰጠኋት። ቢሮም ያው ነው፤ ስታይፕ እውላለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ውይይት ክበብ እቀመጣለሁ፣ ማጨብጨብ ባለብኝ ቦታ አጨበጭባለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ሐምሌ እንደገባ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረና ሳጥንሽን ከግድግዳው ላርቀው ስል ከበደኝ። ላቃልለው ብዬ ከፈትኩት። ከቀሚሶችሽ ሥር በጋዜጣ የተሸፈነ ወፍራም መጽሐፍ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ። እሱስ አይገርምም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዳዊት ስትደግም የኖረች ሴት መጽሐፍ ቅዱስ ቢኖራት ምን ይደንቃል? ያስደነገጠኝ ከመሐሉ የወደቀው ወረቀት ነው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት። ማንበብና መጻፍ መቻልሽን ይመሰክራል፣ ማኅተሙ የላምበረት ቀበሌ ነው፣ ፎቶው አንቺ ነሽ፣ ያውም ፖሊስ ጣቢያ የተጠራ ሰው መስለሽ።

እማዬ፣ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ሰው ይሆናል አልኩ። ፎቶ ተሳስተው ለጥፈው ይሆናል አልኩ። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩና ዝናቡ ትከሻዬ ላይ ሲንጠባጠብ ሳይታወቀኝ ቆየሁ። የእኔ እናት ፊደል አታውቅም ነበር? የእኔ እናት?

አባዬ በሕይወት ሳለ ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ተቀምጦ ዳዊቱን ሲደግም ትዝ ይለኛል። ከመንዝ ይዞት የመጣው ሀብቱ ያ መጽሐፍና የድቁና ትምህርቱ ነበር። እሱ ሲሞት መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥተሽ በእሱ ቦታ ተቀመጥሽ፣ ከፈትሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ጀመርሽ። ገጽ ትገልጫለሽ፣ ታቆሚያለሽ፣ ታማትቢያለሽ፣ ትቀጥያለሽ። ሰፈሩ ሁሉ «የዲያቆኑ ሚስት ታነባለች» አለ። ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት ካለ ዓይንሽን ያምሽ ነበር፤ «ለልጄ ስጧት፣ እሷ ታንብብላችሁ» ትያለሽ። እኔም ደግ ሆነሽ ልጅሽን የምታስከብሪ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሳስበው ሁልጊዜ የምትጀምሪው በዚያው በአንድ ቃል ነበር። ዳዊት በየዕለቱ የሚደገም ክፍል እንዳለው፣ የሰኞው ለብቻ፣ የማክሰኞው ለብቻ እንደሆነ ማንም ያውቃል። አንቺ ግን ሰኞም ሐሙስም ቅዳሜም የሰኞውን ነበር የምትደግሚው፤ ከአባዬ አፍ ሰምተሽ የያዝሽው እሱን ብቻ ነበራ! እኔ ደግሞ ግዕዙን ስለማልሰማው ልዩነቱ አይገባኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ሰኞ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ላምበረት ሄድኩ። የቀበሌው ዘበኛ ፎቶሽን አየና ከአዳራሹ ጀርባ ወደምትኖር አንዲት ባልቴት መራኝ፣ እማማ ጫልቱ ትባላለች። ፎቶሽን ስታይ ሳቀች፤ ማለፍሽን ስነግራት ደረቷን መታች። ካለቀሰች በኋላ እጄን ይዛ፣ «አንቺ ነሽ ብርቱካን የምትልኪው?» አለችኝ።

ብርቱካኑ እማዬ! ያቺ ላምበረት ያለች ዘመድሽ፣ የማትድን የማትሞት በሽተኛ፣ ስምንት ወር ሙሉ ልትጠይቂያት እየሄድሽ፣ «ምስኪን» ብዬ ብርቱካን የምልክላት! ብርቱካኑን እየላጣችሁ ፊደል ስትቆጥሩ ነበር ለካ። «ጣፋጭ ነበር» አለችኝ እማማ ጫልቱ፣ ይቅርታ የምትጠይቅ መስላ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል፤ የኔ ግን በዛ።

ለምን እዚያ ድረስ እንደሄድሽ ጠየቅኳት። ባልጠይቃት ይሻለኝ ነበር። «ልጄ የሰፈሩ አስተማሪ ናት፤ እሷ ፊት ሀ ሁ ብል ታፍርብኛለች ትል ነበር» አለችኝ።

ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምክንያቱም ትዝ አለኝ። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ሲጀመር በእኛ ቀበሌ አዳራሽ የጎልማሶች ክፍል ተሰጥቶኝ ነበር። አንድ ከሰዓት ሴቶቹ «ዓይናችን ፈዟል፣ አይገባንም» ብለው ሲያስቸግሩኝ ሰሌዳውን በጠመኔው መታ መታ አደረግሁና፣ «የእኔ እናት በእናንተ ዕድሜ ግዕዝ ሳይቀር ታነባለች፤ እናንተ አማርኛ ይከብዳችኋል?» አልኳቸው። ዘወር ስል አንቺ በሩ ላይ ቆመሻል። ዝናብ መጥቶ ጃንጥላ ልታቀብይኝ ነበር። ጃንጥላውን ሰጠሽኝ፣ ሴቶቹን በፈገግታ ሰላም ብለሽ ሄድሽ። ያቺ ዘመድሽ የታመመችው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ከገርጂ የገበሬ መንደር፣ ሴት ልጅ ፊደል ምን ይሠራላታል ከሚባልበት ቤት እንደወጣሽ እያወቅሁ፣ የት ተማርሽ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁሽም። የማስተምረው ሰው ፍለጋ ቤት ለቤት እዞር ነበር እኮ።

ከእማማ ጫልቱ የሰማሁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል አስተማሪው፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ዘማች ልጅ፣ «ከእንግዲህ የፈለጋችሁትን ማንበብ ትችላላችሁ፤ ጥያቄ ያለው?» አለ። አንቺ እጅሽን አወጣሽ። «መጽሐፍ ቅዱስ ከየት ነው የሚጀመረው?» አልሽ። ግድግዳው ላይ የእነዚያ የሶሻሊዝም ጢማሞች ፎቶ ተሰቅሎ፣ በዚያ ጊዜ፣ በዚያ አዳራሽ! አስተማሪው ያልሰማ መስሎ ወደ ሌላ ነገር አለፈ። ከክፍል ስትወጡ ግን ከኋላሽ መጥቶ ጎንበስ አለና የጫማውን ክር እያሰረ፣ ቀና ብሎም ሳያይሽ፣ «ከማርቆስ ይጀምሩ እማማ። አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል» አለሽ። የት እንዳለ አላውቅም፤ ባለበት ይባረክ።

ቤት ተመልሼ መጽሐፍሽን በደንብ አየሁት። አስተማሪውን ከመጠየቅሽ በፊት እንደማንኛውም ሰው ከፊተኛው ገጽ፣ ከዘፍጥረት ጀምረሽ ነበር። በእርሳስ ከየቃሉ ሥር ጭረት አለ፤ ሁለቱ ነጥብ ጋ ስትደርሺ ትንፋሽ ትወስጃለሽ መሰለኝ፣ ጭረቱ እዚያ ይቆማል። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ የስም መዓት መጥቶ አስቆመሽ። ትተሽው ወደ ማቴዎስ ሄድሽ፤ እዚያ ደግሞ ከበሩ ላይ ስም ተደርድሮ ጠበቀሽ። ያ ገጽ ከጣትሽ ወዝ ጠቁሯል። ከስሙ ሁሉ መሐል «ወለደ» የሚለው ቃል ሥር ብቻ ጭረቱ ደፋር ነው፤ እሱን ሳታቆሚ ታነቢው ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ቀጥሎም አለቀስኩ።

በኔም እንዳትስቂ። የሚኒስቴር ደብዳቤ ዓይኔን ጨፍኜ የምታይፕ ሴት፣ ማርቆስ አምስት ሲባል ገጽ አምስት መስሎኝ ዘፍጥረት ውስጥ ማርቆስን ስፈልግ ቆየሁ። ትልቁ አኃዝ ምዕራፍ፣ ትንንሹ አኃዝ ደግሞ ቁጥር እንደሆነ የገባኝ ያንቺን ጭረት እየተከተልኩ ነው። አንዲት ጀማሪ ሌላዋን ጀማሪ አስተማረች ማለት ነው፣ ያውም ከመቃብር።

ማርቆስ ውስጥ ጭረትሽ ከገጽ ገጽ እየፈጠነ ሄዶ ምዕራፍ አምስት ላይ ድንገት ያልቃል። አንድ አባት ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብሎ ይለምናል፣ አብረው ሲሄዱ ሕዝቡ ያጋፋቸዋል፣ መንገድ ላይ ሌላ በሽተኛ ትገባለች፣ ከዚያ ከሰውዬው ቤት ሰዎች መጥተው ልጅህ ሞታለች ይሉታል። እዚያ ላይ ጭረት የለም።

መቼ እንዳቆምሽ አውቃለሁ። አሥር ጊዜ እንዳላውቅ ሆኛለሁ፣ ግን አውቃለሁ። ሊያምሽ ሲል፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ ይዘሽ አጠገቤ መጣሽ። «ዛሬ ፊደሉ ይደበላለቅብኛል፤ ይችን ታህል ብቻ አንብቢልኝ» አልሽኝ። እኔ ለክበቡ የማቀርበውን ጽሑፍ እያረምኩ ነበር። ሽፋኑን ገለጥ አድርጌ ምን እንደሆነ ሳይ ደነገጥኩ። «ዓይን የለሽም እንዴ እማዬ? ደግሞ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ዳዊቱን የአሮጊት ልማድ ብለው ያልፉታል፣ ይሄን ሊቀመንበሯ እትዬ ብርቄ ብትሰማ ምን ሊውጠን ነው?» አልኩሽ። እትዬ ብርቄን ስጠራ ሳቅሽ። ለምን እንደሳቅሽ አልገባኝም። መጽሐፉን ዘግተሽ ወደ ጓዳ ገባሽ። ፊደሉ የተደበላለቀብሽ ደም ብዛቱ ሲጀምርሽ እንደነበር ሐኪሙ የነገረኝ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፣ ያኔ አንቺ መናገር አትችይም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰው ሁሉ ለእናቱ ክፉ ቃል ተናግሮ ያውቃል፣ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ አልሆነም። አንድ ገጽ ነው የለመንሽኝ፤ ለማላውቃቸው አዛውንቶች ሁሉ ስንት ገጽ ያነበብኩ ሴት።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ላነብልሽ ቆረጥኩ። ለማን እንደማነብ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። መስኮቱን ዘጋሁ፣ አንቺ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከሥራዬ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ ብዬ ድምፅ አውጥቼ ጀመርኩ። ከምዕራፉ መጀመሪያ ተነስቼ አንቺ ያቆምሽበት ስደርስ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ናት። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ፣ ስንት ዓመት በጥርሴ ብቻ የምስቅላት፣ ምስር የሞላ ሰፌድ ይዛ ቆማለች። መጽሐፉን ቀሚሴ ሥር ከተትኩት። አለቀልኝ አልኩ።

እሷ ገባች፣ በሩን ራሷ ዘጋችው፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «ልጅቱ ዳነች?»

የትኛዋ ልጅ፣ አልኳት።

«የዚያ ሰውዬ ልጅ ናታ! እናትሽ ‹ልጅህ ሞታለች› ብለውት መጡ የሚለው ላይ አድርሳኝ፣ ሰኞ እንጨርሳለን ብላኝ፣ በዚያው ታመመችብኝ። አንቺ ቢሮ ስትሆኚ እሷ ታነባለች፣ እኔ ምስር እለቅማለሁ። ሰው ቢመጣ ምስር ነው። እንደ ሕፃን ፊደል በፊደል ነበር የምታነበው፤ አንድ መስመር እስክትጨርስ ሰፌዱን ሁለቴ እለቅመው ነበር። አምስት ወር ሙሉ እያብሰለሰልኩት ነው፤ ዛሬ ድምፅሽን በአጥሩ በኩል ስሰማ አላስቻለኝም። ቄስ እንዳልጠይቅ ወንበሬ አለ።»

ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም አልኳት። በመገረም አየችኝ። «አንቺንማ ፈርቼ ነዋ፤ የክበብ ሰው አይደለሽ?» አለችኝ።

እማዬ፣ ለምን እንደሳቅሽ አሁን ገባኝ። ሁለታችን አጥር ለአጥር ስንፈራራ አንቺ መሐል ላይ ቁጭ ብለሽ ታነቢ ነበር። እኔን የለመንሽኝም ለራስሽ አልነበረም፤ በማግሥቱ ጆሮዋን አቅንታ ለምትጠብቅሽ ሴት ነበር።

መጽሐፉን ከቀሚሴ ሥር አወጣሁትና እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አነበብኩላት። ልጅቱ ተነስታ ስትሄድና የምትበላው ይሰጣት ሲባል እትዬ ብርቄ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ለልጅቱ ይሁን ላንቺ አላወቅሁም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «የናትሽ ንባብ ይሻላል፤ አንቺ ትሮጫለሽ» አለችኝ።

ስለዚህ ቀስ ብዬ ማንበብ እየተለማመድኩ ነው። አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም፣ መሐላ አትወጂም። ይልቅ ይህን እወቂልኝ፦ በእርሳስሽ አንቺ ካቆምሽበት ጀምሮ ከየቃሉ ሥር ጭረት አደርጋለሁ፣ ነጥቡ ጋ ስደርስ አንቺ የምትተነፍሽውን ያህል እቆያለሁ። ስሞቹንም አልዘላቸውም፤ አንድ ቀን ወደ ማቴዎስ ተመልሼ፣ ያቺን የጠቆረች ገጽ፣ ስሙን ሁሉ አንድ በአንድ አነብልሻለሁ። አንቺ «ወለደ» የሚለውን ብቻ በይ።

ልጅሽ ፀሐይ