ማ ሼሪ ወይስ ሞን ሼሪ

ማ ሼሪ፣

በዚህ ስም ስጠራህ ተሳስቼ እንደኖርኩ የነገሩኝ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ነገሩን እስክነግርህ ግን በለመድከው ስም ልጥራህ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ነው። የዘመን መለወጫችሁ ጊፋታ ተቃርቧል፤ ወንድሞችህ ለበዓሉ የሚታረደውን በሬ እያፈላለጉ ነው፤ የአንተ ድርሻ ዘንድሮም እዚህ ቤት ይመጣል ብለውኛል። በትከሻህ እየገፋህ የምትከፍተውን በር አስጠግኜዋለሁ። ላማችንም ወለደች። ብትኖር ላሙ ወለደ ብለህ ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራ ነበር፤ እኔም እስኪደክመኝ እስቅብህ ነበር።

መቼም ያ አማርኛህ። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው፣ ሴትና ወንድ መለየት አቅቶት ኖረ። በወላይትኛ "ኔኒ" ካሉ አለቀ፣ አንተም አንቺም ያው ነው፣ አማርኛ ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን ያበዛል ትለኝ ነበር። እኔ የደሴ ልጅ፣ ለመዝገብ ቤት ሥራ ሶዶ መጥቼ አንተን ያገባሁ፣ በገዛ ቤቴ ና፣ ብላ፣ የት ነበርክ ስባል ኖርኩ። መጀመሪያ አርምህ ነበር። ኋላ ለመድኩት፤ እንዲያውም ተጠንቅቀህ "ነይ" ያልከኝ ቀን የተቆጣህ ይመስለኝ ጀመር።

ይህ አልበቃ ብሎህ ፈረንሳይኛ አመጣህ። ለምን እሱን እንደመረጥክ ዛሬም አይገባኝም። ቦምቤ ከተማ እያስተማርክ በሚኒባስ ስትመላለስ መንገዱ ይሰለቸኛል ብለህ ስልክህ ላይ ጫንከው፤ ቤት ስትገባ ደግሞ እኔን ማስጠናት ጀመርክ። ሰፈሩ ቪዛ ደርሷቸዋል ብሎ አወራ። የትም አንሄድም ስንል፣ ደብቀውን ነው አሉ። ሁልጊዜ መልስህ ደስ ስለሚለኝ ነው የሚል ነበር፤ ያመነህ ሰው ግን አላየሁም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩህም ነበር።

ፈረንሳይኛም ዕቃውን ሁሉ ወንድና ሴት ብሎ ከፍሎ ጠበቀህ። ጠረጴዛ ሴት፣ ወንበር ሴት፣ አልጋ ወንድ። ከአማርኛ ሸሽቼ የባሰው ላይ ወደቅኩ ብለህ ስትስቅ አሁንም ይሰማኛል። ሚስቱን ያልለየ ሰው አልጋ እንዴት ይለያል ብዬ ቀለድኩብህ። እንደምንም ብለን ግን የራሳችንን ፈረንሳይኛ ሠራን። እንዴት አደርክ የሚለውን ስናጣበት "ሌሊቱ አለፈህ ወይ" የሚል ሰፋንለት። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብለን የሾፌሩን አነዳድ የምናማው በእሱ ነበር። አንተ "ሞን ሼሪ" ትለኛለህ፣ ውዴ ማለት ነው። እኔም፣ ለሴት እንዲያ ከተባለ ለወንድ ሌላው መሆን አለበት ብዬ "ማ ሼሪ" አልኩህ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ኖርን።

ሆስፒታል የተኛህ ጊዜ እህቴ ከደሴ መጥታ አጠገብህ ነበረች። እጄን ይዘህ "አይዞህ" አልከኝ። እህቴ ወደ በሩ ጎትታ ወሰደችኝና፣ ልቡን ስቷል፣ ወንድ መስለሽው ነው፣ ከማን ጋር እንደሚያወራም አያውቅም ብላ አለቀሰች። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ተጽናናሁ። ማን እንደሆንኩ በደንብ ታውቅ ነበር። የምደነግጠው "አይዞሽ" ብትለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገርክም።

አሁን የቸገረኝን ልንገርህ። ከሄድክ ወዲህ ፈረንሳይኛውን የማናግረው ሰው ጠፋ። እንዳይረሳኝ ብዬ በቴሌግራም የምታስተምር አንዲት ወጣት ዘንድ ተመዘገብኩ። ጎበዝ ናት፣ ትዕግሥቷም ለጉድ ነው። ግን ከምናገረው ግማሹ አይገባትም። ሌሊቱ አለፈሽ ወይ ስላት ሳቀች፤ እንዲህ የሚል ፈረንሳዊ የለም አለችኝ። አንድ በአንድ ታርመኝ ጀመር። ንግግሬ እየተቃና በሄደ ቁጥር ያንተ ድምፅ ከውስጡ እየጠፋብኝ ሄደ። በቀደም ለምትወጂው ሰው ሰላምታ በድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ ስትለኝ "ማ ሼሪ" ብዬ ላክሁላት። ለሴት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለባሌ ነው አልኳት። ተገልብጦብሻል አለች፤ ማ ሼሪ ለሴት፣ ሞን ሼሪ ለወንድ ነው።

ጉዳችንን አየህ? አንተ እንደ ልማድህ ወንድ አድርገህ ጠራኸኝ፣ እኔም አንተን አምኜ ሴት አደረግሁህ። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግራ እንደገባኝ ነው። ብታረም አንተን የማጣ ይመስለኛል። ባልታረም ደግሞ ይህን ቋንቋ የምናገረው እኔ ብቻ ሆኜ እቀራለሁ፤ መልስ የሚሰጠኝ የለም። ላንተ በትክክል ልጻፍ ብል የምጽፈው "ሞን ሼሪ" ነው፤ እሱ ደግሞ የእኔ ስም ነው። ስሜን ለአንተ ሰጥቼ እኔ ማን ልባል?

ብዙ አሰብኩበት፣ አሁንም አልጠራልኝም። ትምህርቱን አልተውም፤ ጠረጴዛውንም አልጋውንም እንደ ደንቡ እጠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን በሩን ከፍቼ ወደ ዳሞታ ተራራ እያየሁ ሌሊቱ አለፈህ ወይ እልሃለሁ፣ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ። ይቺን ማንም አያርመኝም።

ትናንት ከገበያ ስመለስ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ሾፌሩ "ና ግባ" አለኝ። እዚህ አገር ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ። ቢሆንም ልቤ ደንገጥ ብሎ ዞር አልኩ።

አልረሳህም። አይዞህ ያልከው ሰው በርትቷል።

ያንተው፣
ሞን ሼሪ