በአንድ ዓይን የተሣለችው

ቢቸና፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ፣

እንደምን ከርመሻል? የታይዋን አየርስ ተስማማሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እናትሽ ግን ከሰኔ ወዲህ አልጋ ይዛለች። «ለልጅቱ እንዳይነግሯት» ስላለችኝ በስልክ ደብቄሽ ነበር። ሞጣ ወስጃት ሐኪሙ ኩላሊቷ ነው፣ ብዙም አትቆይ አለኝ። አሁን መደበቁ ሰለቸኝ።

ኔትወርክ ብቅ ባለ ጊዜ የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። «ናኖቴክኖሎጂና ጥበብ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ የኔ ሥዕል፣ ካጠገቡ አንቺ ሽልማትሽን ታቅፈሽ። ከዚያ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ከዚያ ሁሉ መልአክ መርጠሽ፣ ከኵነኔው በኩል ያለችውን ሴት ፊት በር አሳክለሽ ሰቀልሻት። እግዜር ይስጥሽ።

የሠዓሊ ልጅ ነሽና ሕጉን አትስቺውም። ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ኃጥእ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም። እናትሽ ይርጋነሽ ናት።

በዐሥራ አምስት ዓመትሽ ለባል ቃል ሰጥቼብሽ ነበር። እናትሽ ሳትነግረኝ ሞጣ ድረስ ወስዳ በሚኒባስ ባሕር ዳር እኅቷ ዘንድ ሰደደችሽ፤ ትምህርትሽን ቀጠልሽ። እኔ በሽማግሌ ፊት ቃለ አባይ ሆኜ ቀረሁ። ያን ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑን የምጽአት ሥዕል እየሠራሁ ነበር። በንዴት እሷን ከኃጥአን መሐል ከተትኋት። አገር ሁሉ ዐወቃት። አንቺ ብቻ አላወቅሻትም፤ የእናትሽ ፊት አንድም ቀን ካንቺ ዞሮ አያውቅማ።

ሃያ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከገዛ መልኳ ሥር ቆማ አስቀደሰች። ስለ ሥዕሉ አንዴም አልወቀሰችኝም። የኔ ንዴት እኮ በዓመቱ በርዶ ነበር። ዛሬ ነገ ስል፣ ሰው ምን ይለኛል ስል ቀረ።

አምና በጥቅምት የሥዕል ማቆያ መድኃኒትሽን በጠርሙስ ይዘሽ መጣሽ። ቅንጣቱ ከፀጉር ሺህ ጊዜ የቀጠነ ነው፣ ሠርጎ ይገባል፣ ውኃም ጥቀርሻም አይዘውም፣ ሥዕሉን መቶ ዓመት ያቆየዋል አልሽ። ካህናቱ አጨበጨቡልሽ። ከመርጨትሽ በፊት ያልሽኝ ትዝ ይልሻል?

«አባየ፣ የሚያስተካክሉት ካለ ዛሬ ያስተካክሉ። ከተረጨ በኋላ ቀለም አይቀበልም።»

እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። ካህናቱም አዩኝ። «እኔ ያበላሸሁት የለም» አልሁሽ። አንቺም ረጨሽው።

የሞጣው ሐኪም ያን ከነገረኝ በኋላ ቀለሜን በጥብጬ ሄድሁ። ፊቷን ወደ ሰው ልመልስላት፣ ሁለት ዓይን ልሰጣት። ቀለሙ ጎመን ቅጠል ላይ እንደወደቀ ውኃ እየተንከባለለ እግሬ ሥር ወረደ። ሦስት ቀን ታገልሁ። በአራተኛው በቢላ ፋቅሁት። ለካ ከሥር ያለው፣ ግድግዳው ላይ ለጥፌ የሣልሁበት ጨርቅም መድኃኒትሽን ጠጥቶ ኖሯል፤ እሱም ቀለሜን እንቢ አለ። ሙያሽ ሙያ ነው፣ አልዋሽም። ካህናቱ ተቆጥተውኛል፤ የነሱን ተዪው።

ባለፈው እሑድ እናትሽ «ቤተ ክርስቲያን ውሰዱኝ» ብላ በሰው ተደግፋ መጣች። ፊቷ በነበረበት ቦታ የቀረውን ባዶ ጨርቅ ቆማ ብዙ አየችው። ያን ሁሉ ዓመት ያላልሁትን ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«መሪጌታ፣ አንዲት ዓይን ነበረችኝ፤ እሷንም ወሰዱብኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ልጄ፣ ያን የረጨሽውን የሚያስለቅቅ መድኃኒት ካለ ይዘሽ ነዪ፤ ከሌለም ባዶ እጅሽን ነዪ። እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ። ልብሽን ግን የኔን አያስመስለው።

አባትሽ ሣህለ ማርያም