ቤታቸውን ያላስነኩት የእትዬ እንፋሎት የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ እንፋሎት» እያለ የሚጠራቸው እኚህ እናት፣ ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል፤ ያቋረጡትም አባታቸው ስለታመሙ እንጂ ሰንፈው አይደለም። ይህ እንዲጻፍላቸው አጥብቀው አዘዋል።

በ1965 ዓ.ም. በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ አንሶላ ሲቀቅሉ ኖሩ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው እዚያ ነው። ከሆስፒታሉ የአምቡላንስ ሹፌር ጋርም ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ጡረታ በወጡበት በ2006 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲያርፉ፣ ታላቅ ወንድማቸው ቤቱ ተሽጦ እትዬ እንፋሎት እሳቸው ዘንድ እንዲጠጉ ወሰኑ። ወሰኑ እንጂ አላማከሩም። እትዬ እንፋሎት ግን «ወንድምዬ፣ ቤቴን ሸጬ የሰው ቤት እንግዳ አልሆንም» ብለው፣ የጓሮውን ክፍል ኖራ ቀብተው እንጉዳይ ማብቀል ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ልፋታቸውን ውሃ በላው። የዕድሜ ልክ ልማድ አይለቅምና፣ እንጉዳዩ የሚበቅልበትን ገለባ እንደ ሆስፒታል አንሶላ አንተክትከው ቀቀሉት። ክፉውም ደጉም ተሕዋስ አብሮ አለቀ። ባዶ ቤት ደግሞ ሌባ አያጣም፤ ገለባው የተጠቀጠቀባቸውን ከረጢቶች ሁሉ አረንጓዴ ሻጋታ ወረሳቸው። ወንድማቸው መጥተው አዩና «ይኸው ሻጋታ አመረትሽ፤ አሁንስ እንሽጠው?» አሉ። እሳቸውም «ገና መች ተነካና!» ብለው መለሱላቸው።

ከዚያ ወዲያ ውሃው እንዲፈላ አልፈቀዱም። የተከተፈውን ገለባ በጆንያ አድርገው በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፉና፣ ሙቀቱ ሰባ ዲግሪ ግድም ሲደርስ እሳቱን አሳንሰው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ቴርሞሜትራቸውን ይዘው ከአጠገቡ አይነሡም ነበር። ሲቀዘቅዝ በእጃቸው ጨብጠው ይጨምቁታል፤ ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ ግን ገና ይጠፈፋል። ከዚያ የእንጉዳዩን ዘር ቀላቅለው በከረጢት ይጠቀጥቁታል። እንጉዳዩም ነጭ ሆኖ ግጥም አለ። ወንድማቸውም እየነቀፉ በሉ፤ እየነቀፉም አስጨመሩ።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታሞ ሐኪሙ የገለባ አቧራ ሲከለክላቸው፣ ከክፍሉ ውጭ ወንበር አስቀምጠው ልጆቻቸውን ማዘዝ ቀጠሉ። የሽያጩ ነገር እንደገና ሲነሣም «እኔን ሳትቀብሩ ቤቴን አትቅበሩት» አሉ።

በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ። ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ታላቅ ወንድም ትተው አልፈዋል።

«ቤቱስ ምን ይሆናል?» እያላችሁ ጥግ ይዛችሁ ለምትጠያየቁ፣ ልጆቻቸው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሳሉ፦ ቤቱ አይሸጥም። የጓሮው ክፍልም አይከራይም። ታላቅየዋ ገለባውን ከትፋ ጨርሳለች፤ ታናሽየዋ ከቀብር መልስ በርሜሉን ትጥዳለች። አጎታቸው ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። ይቆጡ፤ ምሳ ግን አብረውን ነው።

ፈጣሪ የእትዬ እንፋሎትን ነፍስ በክብር ይቀበል፤ ለቀሩትም እንደ እሳቸው እምቢ ማለትን ያድላቸው።